አቧራ በላዎቼ

ሰው የሚሰበስበው ነገር ብዙ ነው። አንዱ ቴምብር ያከማቻል፤ ሌላው የጥንት ሳንቲም ይለቅማል፤ ሌላው የቆዩ የዘፈን ሸክላዎችን ከየመደብሩ ያድናል። መጻሕፍት የሚሰበስብ ሰውማ፣ አንባቢዎቼ ሆይ፣ በእናንተ ዘንድ ምክንያት አይጠየቅም። የእኔን ስብስብ ግን ለሰው ማስረዳት ያዳግተኛል። የምሰበስበው አሮጌ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ነው፤ በምኖርበት አገር ያለው ሐበሻ ሁሉ «ቫኪዩም» የሚለውን። በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ በተከራየኋት ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ 11 ቫኪዩም አለ። ከመካከላቸው የመጨረሻው ልጅ እንኳ በዕድሜ ታላቄ ነው።

ቀን ቀን ባንክ ቤት መስኮት ላይ ቆሜ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ግጥሙ እምቢ ሲለኝ ካቻቢቴዬን አነሣለሁ። እምቢ የሚለኝ ማታ ስለሚበዛ ማሽኖቼ ሁሉ በደኅና ጤንነት ላይ ይገኛሉ።

አብዛኞቹን ያገኘኋቸው ከሟች ቤት ነው። በዚህ አገር አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሲያርፉ ልጆቻቸው የሚፈልጉትን ከወሰዱ በኋላ የቀረው ንብረት እዚያው ቤት ውስጥ ዋጋ ተለጥፎበት ለማንኛውም አላፊ አግዳሚ ይሸጣል። ዐርብ ወይም ቅዳሜ ጠዋት በሩ ይከፈታል። የማያውቁት ሰው ሳሎን ውስጥ ገብቶ፣ የማያውቁትን ሰው የቡና ስኒ አንሥቶ፣ ገልብጦ ማየት መጀመሪያ ላይ ያሳቅቃል። ለቅሶ ሊደርሱ ገብተው ዕቃ የሚገምቱ ይመስላል። መጀመሪያ የሚሸጠው ብሩ ነው፤ ከዚያ ሥዕሉ፣ ከዚያ መጽሐፉ፣ ከዚያ ወንበሩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዋጋው ሁሉ በግማሽ ሲወርድ፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ገመዱ እንደ ተጠቀለለ የሚገኘው ቫኪዩሙ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ቤቱን ያጸዳው ዕቃ ቤቱ ሲፈርስ መጨረሻ ላይ የሚታወሰው ነው። 10 ወይም 15 ዶላር ከፍዬ፣ በክንዴ ታቅፌ እወጣለሁ።

የእነዚህ ማሽኖች ታሪክ ለሥነ ጽሑፍ ሰው የማይሆን ደረቅ ታሪክ ይመስላል፤ አይደለም። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ አቧራን በአየር ኃይል እየነፋ የሚያባርር አንድ ማሽን ሲሠራ አየ። የሚነፋው አቧራ ተመልሶ እዚያው ስለሚያርፍ፣ ከመንፋት ይልቅ መሳብ አይሻልም ወይ ብሎ አሰበ። ሐሳቡን የፈተነው በቤተ ሙከራ አልነበረም። ምግብ ቤት ውስጥ መሐረቡን ወንበር ላይ አንጥፎ፣ አፉን ገጥሞ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበ። መሐረቡን ቢያነሣው በሥር በኩል ጠቁሯል። በ1901 ማሽኑን ሠራ። ማሽኑ ግን ቤት የሚገባ አልነበረም፤ በፈረስ የሚጎተት፣ በቤንዚን ሞተር የሚሠራ ጋሪ ነበር። ደጅ ቆሞ ረጃጅም ቱቦዎቹን በመስኮት ወደ ቤት ይሰድዳል። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር አቤይን ምንጣፎች ያጸዳው ይኸው ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ከመሐንዲሱ ይልቅ የጽዳት ሠራተኛው ታሪክ ነው። ጄምስ መሪ ስፓንግለር በኦሃዮ፣ በካንተን ከተማ፣ በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ወለል ጠራጊ ነበር። አስም ነበረበት። መጥረጊያው የሚያስነሣው አቧራ ሳንባውን ያፍነዋል፤ ሥራውን ቢተው ደግሞ የሚበላው የለውም። በ1907 የአየር ማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ አቧራውን በከረጢት የሚያስር መሣሪያ ለራሱ ሠራ። ሰኔ 2 ቀን 1908 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በብዛት ለማምረት ግን አቅም አልነበረውም። መብቱን የገዛው፣ የፈረስ ኮርቻና ልጓም እየሠራ የሚሸጥ፣ አውቶሞቢል መጥቶ ገበያው ሊዘጋበት የደረሰ ዊልያም ሁቨር የተባለ ነጋዴ ነው። የቀረውን ታውቁታላችሁ። እንግሊዞች ዛሬም ቫኪዩምን «ሁቨር» ይሉታል፤ ወለል መጥረግንም በዚሁ ስም ግስ አድርገው ይናገሩታል። የገዢው ስም ቋንቋ ውስጥ ገባ። ሲያስል አድሮ የፈጠረው ጠራጊ በ1915 ሞተ፤ ስሙም በመዝገብ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጡት እየተሽሞነሞኑ መጡ። በ1921 የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ፣ እንደ በረዶ ላይ መንሸራተቻ በሁለት ብረት ላይ ተኝቶ የሚጎተት ረጅም ቆርቆሮ አወጣ። በ1936 ሄንሪ ድራይፈስ የተባለው ታዋቂ ንድፍ አውጪ ለሁቨር «ሞዴል 150»ን ሲነድፍ፣ የማሽኑን ሆድ ዕቃ ሁሉ በአንድ ለስላሳ ቆብ ሸፈነው። በ1937 ደግሞ ሉረል ጊልድ ያንን ተንሸራታች ቆርቆሮ የባቡር ራስ አስመስሎ አሳመረው። ይህ የጊልድ ማሽን አንዱ እኔ ዘንድ አለ። መብራት ሳጠፋ እንኳ የሚሮጥ ይመስላል። በ1950ዎቹ የወጣውና «ኮንስተሌሽን» የተባለው የሁቨር ማሽን እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው፤ ወደ ኋላ የሚተፋውን አየር ከሥሩ አስገብተውለት በገዛ እስትንፋሱ ከመሬት ከፍ ብሎ እየተንሳፈፈ ይከተላል። ሰው ጠፈር የሚያልምበት ዘመን ስለ ነበረ ወለል ጠራጊዋም ከኋላዋ ጨረቃ እንድትጎትት ፈለጉ።

እውነቱን ለመናገር ቫኪዩም አይስብም። ይህን ሳውቅ አንድ የግጥም መስመር ያገኘሁ ያህል ነበር የተደሰትኩት። ውስጡ ያለው ማራገቢያ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ እየዞረ አየሩን ወደ ውጭ ይጥላል፤ ሆዱ ይጎድላል። የጎደለውን ለመሙላት የሚሮጠው የክፍሉ አየር ነው፤ አቧራውንም የሚገፋው እሱ ነው። ማሽኑ የሚሠራው ሥራ ራሱን ባዶ ማድረግ ብቻ ነው።

ጥገናውን ያስተማረኝ ማንም አልነበረም ብዬ መናገር አልችልም። አባቴ አዲስ አበባ፣ መርካቶ አጠገብ በነበረች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ዲናሞ ጠምጣሪ ነበር። የተቃጠለ የውኃ መሳቢያ፣ የወፍጮ ቤት፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ዲናሞ ይመጣለታል። ጥቁር ያደረውን መዳብ ቆርጦ ያወጣና አዲሱን ሽቦ ዙር በዙር እየቆጠረ ይጠመጥማል። ሲቆጥር አይናገርም፤ እኛም አናናግረውም። ዛሬ ብር ስቆጥር ሰው ሲያናግረኝ የምቆጣው ከእሱ የወረስኩት ይመስለኛል። መሣሪያዎቹን የማውቃቸው እሱ ባወጣልኝ ስማቸው ነው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ስፒና። እነዚህ ቃላት ጣሊያንኛ መሆናቸውን ያወቅሁት አድጌ ነው። ልጅ ሆኜ የአባቴ ቋንቋ ይመስሉኝ ነበር።

አሮጌ ቫኪዩም ሲገባልኝ መጀመሪያ ስፒናውን አልሰካም። የሰባና የሰማንያ ዓመት ገመድ ጎማው ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ተራቁቶ ሊሆን ስለሚችል ሰውም ቤትም ያቃጥላል። ስለዚህ ገመዱን እለውጣለሁ። ከዚያ ሞተሩን እፈታለሁ። ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች ከግራና ከቀኝ በሞላ እየተገፉ በሚዞረው የመዳብ ቀለበት ላይ ያርፋሉ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። እየሠሩ ያልቃሉ። እርሳስ ሲጻፍበት እንደሚያልቅ ነው። ካለቁ አዲስ ገዝቼ ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት እሞርዳለሁ፤ የቀለበቱን ጎባጣነት ካልያዙ ሰማያዊ ብልጭታ ይረጫሉ። የኩሽኔታውን የደረቀ ግራሶ አጥቤ አዲሱን አገባለሁ። ቺንጋ እለውጣለሁ። ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር እቆርጣለሁ። ፀጉሩ የብዙ ዓመት ነው፤ ወርቃማ አለ፣ ጥቁር አለ፣ መጨረሻ ላይ የተጠመጠመው ሁልጊዜ ሽበት ነው።

ከረጢቱ ውስጥ የማገኘውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። የጥድ ዛፍ ቅጠል፣ ቁልፍ፣ የሕፃን መጫወቻ እግር፣ መርፌ፣ ሳንቲም። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ሳንቲሙን ሳላየው አላልፍም። ከአንዱ ከረጢት ጥቁር የመሰለ አንድ ሳንቲም ወጣ፤ ጀርባው ላይ ሁለት የስንዴ ዘለላ አለ፤ ዓመቱ 1943 ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካ መዳብን ለጦርነቱ ፈልጋው ስለ ነበር የአንድ ሳንቲም ፍራንክ ከብረት፣ በዚንክ ተለብጦ ነበር የሚቀረጸው። ማግኔት ሳስጠጋው ተለጠፈ። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ አልሸጥኩትም። በዚያ ሰሞን ልጇን ወደ ጦር ሜዳ የላከች አንዲት እናት ምንጣፏን ስትጠርግ ድንገት ቅጭል ያለባት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ቆም ብላ አዳምጣ ይሆናል። ከዚያ «ይሁን» ብላ ቀጥላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የአባቴ ታናሽ እኅት፣ እኔ «እቴቴ» የምላት፣ በ1996 ወደ ዋሽንግተን መጣች። ለአገር ቤት የምትልከው ወሬ አጭርና ኩሩ ነበር፤ «ቢሮ ነው የምሠራው» ትላለች። ፎቶም ትልክ ነበር። ከኋላዋ መስታወት የለበሰ ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ አለ፤ ካፖርት ለብሳ፣ ቦርሳ በትከሻዋ አንጠልጥላ ትስቃለች። አባቴ ፎቶውን ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነበር። ዲናሞ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ «ይህቺ ማናት?» ሲለው፣ «እኅቴ ናት፤ አሜሪካ ቢሮ ነው የምትሠራው» ይላል።

በ2014 ዲቪ ደርሶኝ፣ ዲግሪዬን በፖስታ ይዤ መጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት እቴቴ «ሥራ አግኝቼልሃለሁ፤ ዛሬ ማታ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ያ የፎቶው ሕንፃ በር ደረስን። እውነቷን ነበር፤ ቢሮ ነበር የምትሠራው። ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ያለውን ምንጣፍ የምትጠርገው እሷ ነበረች። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አብሬያት ጠረግሁ። አውቶቡስ ስንጠብቅ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለአባትህ አትንገረው።» አልነገርኩትም። ስምንት ወር አብሬያት ሠርቼ ወደ ባንኩ ስገባም አልነገርኩትም። አባቴ በ2019 አረፈ። ፎቶው እስከ መጨረሻው ግድግዳው ላይ ነበር።

እቴቴ በዚያ ሥራ 22 ዓመት ቆየች። የቀኝ ትከሻዋ ከደረቷ በላይ አይነሣም። ሥራውን ከለቀቀች በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ስትመጣ፣ እንጀራና ወጥ በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ማሽኖቹ በግድግዳው ጥግ በተራ ቆመዋል።

«እነዚህን ነው ሳሎን ያስቀመጥካቸው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እቴቴ።»

«እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከእነሱ ለመገላገል ነው። አንተ ገንዘብ ከፍለህ ታመጣቸዋለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ለእኔ መልክና ታሪክ ያለው ዕቃ ለእሷ የትከሻ ሕመም ነው። ማረሻ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ያላረሰ ሰው ነው። ይህን ሳስብ ስብስቤን ሁሉ ሸክፌ ወደ መጣበት ልመልሰው ይዳዳኛል።

ያን ቀን ግን አንድ ነገር ሆነ። በ1970ዎቹ የተሠራ አንድ ቁም ቫኪዩም ነበረኝ፤ ሦስት ሳምንት ታግየዋለሁ። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ቺንጋው አዲስ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ሳሳርፈው ግን ድምፁ ይታፈናል፤ ምንጣፉም አይጠራም። እቴቴ ወጡን ልታሞቅ ወደ ማብሰያው ክፍል ስትገባ አስነሣሁት። ከዚያው ሆና፣ ሳታየው፣ «አጥፋው!» ብላ ጮኸች። አጠፋሁት።

«ብሩሹ አይዞርም። ጎማ ሲሸት አይሰማህም? ጫፉን ፀጉር በልቶት ነው። ቺንጋው ይንሸራተታል። መቀስ አምጣ።»

ብሩሹ ላይ ያለውን ፀጉር ቆርጬ ጨርሼ ነበር፤ እሷ ግን ፀጉሩ ብሩሹ ላይ ሳይሆን ዳርና ዳር ባሉት ክዳኖች ሥር፣ እንጨቱ በሚዞርበት ብረት ላይ እንደሚሸሸግ ታውቃለች። ማሽኑን በጀርባው አስተኝታ፣ በግራ እጇ ክዳኑን ፈልቅቃ፣ እንደ ቀለበት የጠነከረ የፀጉርና የክር ጥምጥም አወጣች። እንደገና ሳስነሣው ድምፁ ተለወጠ። ጠገበ።

ሥራ ቦታ ማሽን ሲበላሽ ጠጋኙ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ስለ ነበር፣ ወለሉ ደግሞ እስከዚያ ስለማይቆይ፣ በገዛ እጇ መጠገን ተምራ ነበር። በየፎቁ ያሉትን ማሽኖች በድምፃቸው ትለያቸዋለች። የሌሎቹም ሴቶች ማሽን ሲታመም የሚጠሩት እሷን ነበር። አንዷ የሳልቫዶር ሰው፣ አንዷ የኤርትራ፤ ቋንቋቸው ባይገናኝም «ኑ፣ ስሙልኝ» ማለት በእጅ ይቻላል። አባቴ ዲናሞ በጆሮው ይመረምር እንደ ነበር አስታወስኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ከእሱ አይደል የተማርኩት፤ ልጅ ሆኜ ሱቁ እየሄድኩ እቀመጥ ነበር» አለችኝ። ያ የፎቶው ባለቤት እንኳ ያላወቀው ነገር ነው። እኅቱ የእሱን ሙያ በሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ በሌሊት፣ 22 ዓመት ሠርታበታለች። ቢያውቅ ፎቶውን ያወርደው ነበር ወይስ ከፍ አድርጎ ይሰቅለው? እኔ ከፍ ያደርገው ነበር እላለሁ። እቴቴ ግን «አንተ አታውቀውም» ትላለች።

ከዚያ ወዲህም ማሽኖቹን አልወደደቻቸውም። ወደደቻቸው ብዬ ብጽፍ ለጽሑፌ ባማረ፤ አልሆነም። «ቢያንስ ከሳሎን አውጣቸው» ትላለች፤ ዘጠኙን ወደ መኝታ ቤት አስገብቻለሁ። አዲስ ነገር ቢኖር፣ አንዱ እንቢ ሲለኝ ስልክ እደውልላትና ማሽኑን አስነሥቼ ስልኩን አስጠጋለታለሁ። አንዳንዴ «ካርቦን ነው» ትላለች፤ አንዳንዴ «ቱቦው ተቀድዷል፣ ያፏጫል» ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናት። ልክ ስትሆን ድምፅዋ ውስጥ የምሰማትን ትንሽ ኩራት ለመስማት ስል ደኅናውን ማሽን ታሟል ብዬ የደወልኩበት ቀንም አለ።

አሮጌ ማሽን ይጮኻል እንጂ አቅም የለውም የሚሉ አሉ። በኃይል ብዛት አይደለም የሚጠርጉት። ብዙዎቹ የእኔ ማሽኖች በጥቂት መቶ ዋት የሚሠሩ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2014 ጀምሮ ከ1,600 ዋት በላይ፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሆነ አዲስ ቫኪዩም ለገበያ እንዳይቀርብ ሲከለክል፣ የእኔዎቹ አረጋውያን ከብዙ ዓመት በፊት ሕጉን አክብረው ይኖሩ ነበር። ብሩሹ በትክክል ከዞረ፣ ቱቦው ካልተቀደደ፣ ከረጢቱ ካልታፈነ ጥቂት ኃይል ይበቃል። የሚገርመው ግን የሚፈቱ መሆናቸው ነው። የሠራቸው ሰው አንድ ቀን ሌላ ሰው እንደሚከፍታቸው አስቦ ብሎን አድርጎላቸዋል። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ በሙጫ የታሸጉ ናቸው።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለእቴቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠች። አባቴ ካረፈ በኋላ የምትደብቀው ሰው እንደሌላት ነገረችኝ። ከዚያ «ጻፈው፤ ስሜን ብቻ አትጥራ» አለችኝ። ለምን ብላት፣ «ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ያ ኦሃዮ ውስጥ ሲያስል ያደረው ጠራጊ ትዝ አለኝ። የእሱን ስም ሌላው ሰው ሸፈነው። የእሷን ራሷ ትሸፍነዋለች። ቃሌን ጠብቄ ስሟን አልጠራሁም። በዚያው ማታ ግን ለወራት እምቢ ያለኝ ግጥም አራት ስንኝ ፈቀደልኝ፤ ከዚህ በላይ አልሄደልኝምና እንዳለ ላቅርበው፤

ሲነጋ ያበራል የሕንፃው ወለሉ፣
ማን እንደ ጠረገው ሳይጠይቁ ዋሉ፤
አቧራው ሄደና ከረጢት ውስጥ ገባ፣
የጠራጊዋ ስም በየት በኩል ይግባ?